ሚኒስትርን ስለ በጀትና ስለ አካባቢ አገልግሎት እንዴት መጠየቅ ይገባል?

«የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ የመረጠኝ ሕዝብ በመንገድ እጦት እየተቸገረ ነው። መንገዱ መቼ ይጠናቀቃል?»

በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይነሣል። መልሱም የታወቀ ነው፦ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሥራው በወሰን ማስከበር ችግር፣ በተቋራጩ አቅም ማነስና በግብዓት ዋጋ መናር ዘግይቷል፤ በቀጣይ ልዩ ትኩረት ይሰጠዋል። ተመራጩ ጠይቋል፣ ሚኒስትሩ መልሷል፣ መንገዱ ግን ባለበት ነው። ጥፋቱን በሚኒስትሩ ላይ ብቻ መጣል አይቻልም። ጥያቄው ቁጥር፣ ቀንና የውል ስም ስለሌለው በደምሳሳው ለመመለስ በሩን ራሱ ከፍቷል። ከዚህ በታች ያለው በር የማይተው ጥያቄ እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ በአዳራሹ እንዴት እንደሚቀርብና ከመልሱ በኋላ ምን እንደሚደረግ ያሳያል። በዋናነት ለፌዴራሉ ምክር ቤት አባላት የተጻፈ ቢሆንም የክልልና የወረዳ ምክር ቤት አባላት፣ እንዲሁም ለተወካያቸው ጥያቄ የሚልኩ መራጮች ይጠቀሙበታል።

ሥልጣኑ ከየት ይመጣል?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ለጥያቄ የመጥራትና የአስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን ይሰጠዋል። ስለዚህ ሚኒስትሩ የሚቀርበው ለውለታ ሳይሆን ለግዴታ ነው። ንዑስ አንቀጽ 18 ከዚህ ይጠነክራል፦ ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ ምክር ቤቱ ለአስፈጻሚው በተሰጠ ማናቸውም ጉዳይ ላይ ይወያያል፣ አስፈላጊ ነው ያለውንም እርምጃ ይወስናል። 547ቱ መቀመጫዎች በሙሉ ቢያዙ ይህ 183 ሰው ማለት ነው። በ2013ቱ ምርጫ ምርጫ ቦርድ መጀመሪያ ውጤት ከገለጸባቸው 436 መቀመጫዎች 410ሩን ያሸነፈው አንድ ፓርቲ በመሆኑ፣ በዚያ ምርጫ በተመሠረተው ምክር ቤት ያለ ገዢው ፓርቲ አባላት ፊርማ ይህ ቁጥር አይሞላም። በተግባር የዕለት ተዕለት መሣሪያው ንዑስ አንቀጽ 17 ነው፤ አብዛኛውን ጥያቄ የሚያነሡትም የሚኒስትሩ የራሱ ፓርቲ ሰዎች ናቸው። የራስን ፓርቲ ሰው በሕዝብ ፊት መጠየቅ ይከብዳል። ከመሥሪያ ቤቱ የራሱ ሪፖርት የተወሰደ ቁጥር ግን ክስ ሊባል ስለማይችል ሸክሙን ያቀላል።

አንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 5 አባሉ በምክር ቤቱ በሰጠው አስተያየት ወይም ድምፅ እንደማይከሰስ ይደነግጋል። ይህ ጥበቃ ያልተረጋገጠ ነገር ለመናገር ፈቃድ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። ማስረጃ ሳይዝ ተቋራጭን በስም «ሌባ» ያለ አባል ቀሪው ሰዓት በዚያ ቃል ላይ በእንካ ስላንትያ ያልፍበታል፤ የገንዘቡ ጥያቄ ይረሳል።

መጀመሪያ፦ ጉዳዩ የማን ነው?

ጥያቄዎች በብዛት የሚከሽፉት እዚህ ላይ ነው። «ይህ የክልሉ ሥልጣን ነው» የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ ጠያቂው ደግሞ አስቀድሞ ስላልለየው ተቃውሞ የለውም።

በጥቅሉ፣ ዋና ዋና የፌዴራል መንገዶች ለከተማና መሠረተ ልማት ሚኒስቴር ተጠሪ የሆነው የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ናቸው፤ የወረዳና የገጠር ቀበሌ መንገዶች የክልል ናቸው። ዩኒቨርሲቲ የፌዴራል ነው፣ የአንደኛ ደረጃ መምህር ደመወዝ የወረዳ ነው። ጤና ጣቢያውን ወረዳው ያስተዳድራል፤ መድኃኒቱ ከኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ስላልደረሰ መደርደሪያው ባዶ ከሆነ ግን ጥያቄው የፌዴራል ነው። ያው ጤና ጣቢያ፣ ያው ባዶ መደርደሪያ፣ ግን ምክንያቱ የወረዳው መድኃኒት መግዣ ገንዘብ ማለቅ ነው ወይስ አቅራቢው መድኃኒቱን አለመያዙ? ይህን ሳይለዩ ወደ አዳራሽ አይግቡ። ለመለየት ጤና ጣቢያው የጠየቀበትን ቅጽና አቅራቢው «የለም» ብሎ የመለሰበትን ወረቀት ማየት በቂ ነው።

ቀጥሎ ገንዘቡ የወረደበትን መስመር ያጣሩ። የ2017 በጀት ዓመት የፌዴራል በጀት ሲጸድቅ 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር፦ 451.3 ቢሊዮን ለመደበኛ ወጪ፣ 283.2 ቢሊዮን ለካፒታል፣ 222.7 ቢሊዮን ለክልሎች ድጋፍ፣ 14 ቢሊዮን ለዘላቂ ልማት ግቦች ማስፈጸሚያ። የክልሎች ድጋፍ የሚከፋፈለው የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሚወስነው ቀመር ነው፤ ክልሉ ጋር ከደረሰ በኋላ እንዴት እንደሚውል የሚወስነው የክልሉ ምክር ቤት ነው። ስለዚህ በዚህ የክልሎች ድጋፍ (ጥቅል ድጎማ) የሚከፈልን ደመወዝ በተመለከተ የፌዴራል ሚኒስትርን «ለምን ዘገየ» ማለት ሰሚ የለውም። «ለክልሉ ከሐምሌ እስከ መጋቢት ሊለቀቅ ከታቀደው ስንቱ ተለቀቀ፣ በየትኞቹ ቀናት?» ማለት ግን ለገንዘብ ሚኒስቴር ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱን ይዞ የክልሉን ምክር ቤት አባል መጥራት ይቻላል፤ ሁለቱ አካላት ጣት ሲጠቋቆሙ የሚያስታርቃቸው የተለቀቀበት ቀን ነው።

በልማት አጋሮች የሚደገፍ ሥራ ከሆነ ቻናሉን ይጠይቁ። ቻናል አንድ በገንዘብ ሚኒስቴርና በክልል ፋይናንስ ቢሮ በኩል ይወርዳል፤ ቻናል ሁለት ከዘርፍ ሚኒስቴሩ ወደ ዘርፍ ቢሮው ይሄዳል፤ ቻናል ሦስትን አጋሩ ራሱ ያወጣዋል። በቻናል ሁለት ለወረደ የውኃ ጉድጓድ ገንዘብ የዘርፉ ሚኒስትር «የክልሉ ነው» ብሎ ሊያልፍ አይችልም።

ሰነዶቹና አነባበባቸው

ለአንድ ጥያቄ አራት ነገር ይበቃል፦ የጸደቀው በጀት፣ የመሥሪያ ቤቱ የስድስት ወይም የዘጠኝ ወር ሪፖርት፣ የፌዴራል ዋና ኦዲተር ሪፖርትና ከቦታው የመጣ ማስረጃ።

በጀቱን ሲያነቡ የጸደቀውን ብቻ አይያዙ። በኅዳር 2017 ወደ 582 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ ተጨማሪ በጀት ጸድቋል፤ ከመጀመሪያው በጀት 60 በመቶ ገደማ ማለት ነው። በሰኔ የተጻፈውን ቁጥር ይዞ በሚያዝያ የሚጠይቅ ሰው «ይህ አሮጌ ቁጥር ነው» ይባልና ይቀመጣል። የጸደቀው፣ የተስተካከለው፣ የተለቀቀው፣ ሥራ ላይ የዋለው፤ አራቱን በአንድ ረድፍ ይጻፉ። ልዩነቱ በየትኛው እርከን እንደተፈጠረ ያኔ ይታያል። ጸድቆ ካልተለቀቀ ተጠያቂው ገንዘብ ሚኒስቴር ነው፣ ተለቆ ሥራ ላይ ካልዋለ ባለበጀቱ መሥሪያ ቤት ነው።

መደበኛ ወጪ ላይ የሒሳብ መደቦቹን ይወቁ። በተለመደው አመዳደብ 6111 የቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ፣ 6214 የሕክምና ዕቃ፣ 6217 ነዳጅና ቅባት፣ 6231 የውሎ አበል፣ 6233 መስተንግዶ፣ 6244 የሕንፃ ጥገና ነው። «በጀት የለንም» የሚል መሥሪያ ቤት 6244 ላይ ምንም ሳያወጣ 6231ን እስከ መጨረሻው ሳንቲም ተጠቅሞ ከሆነ ጥያቄው ተዘጋጅቶልዎታል። የአይቤክስ ወይም የኢፍሚስ (የመንግሥት የሒሳብ አያያዝ የኮምፒውተር ሥርዓቶች) ዝርዝር እንዲሰጥዎ በኮሚቴው በኩል ይጠይቁ፤ ማጠቃለያ ሠንጠረዥ እነዚህን መደቦች ይደብቃቸዋል።

የኦዲት ሪፖርት ላይ የግኝቱን ዓይነት ይለዩ፣ ሁሉንም «ጉድለት» ብለው አይጥሩ። ያልተወራረደ ተሰብሳቢ ሒሳብ ማለት ተከፍሎ ገና ያልተዘጋ ገንዘብ ነው፤ እዚያ የሚጠየቀው ዕድሜው ነው፣ ማለትም ከአንድ ዓመት በላይ የቆየው ስንት ነው፣ በማን እጅስ አለ? ማስረጃ ያልቀረበበት ወጪ ከሆነ ማስረጃው ለኦዲተሩ የቀረበበት ቀን ይጠየቃል። ደንብ ያልተከተለ ግዥ ላይ ያጸደቀው የሥራ ኃላፊ ማን እንደሆነ ይጠየቃል። ጥቅም ላይ ያልዋለ በጀት ላይ ደግሞ የትኛው ፕሮግራም ሳይሠራ እንደቀረ። በአዳራሽ ሁሉም ቁጥሮች ተደምረው «ይህን ያህል ቢሊዮን ጠፋ» ሲባል ሚኒስትሩ «አልጠፋም፣ አልተወራረደም» ብሎ በትክክል ይመልሳል፤ ጠያቂውም ተዓማኒነቱን ያጣል።

ከቦታው የሚመጣው ማስረጃ ቀን ያለበት ፎቶ፣ ከወረዳው የተጻፈ የደብዳቤ ቁጥር ወይም የማሽኖች ቆጠራ ሊሆን ይችላል። «ሦስት ወር ቆሟል» ከማለት «ከኅዳር 12 ወዲህ በካምፑ አንድ ግሬደርና ሁለት ገልባጭ መኪና ብቻ አለ» ማለት ይሻላል።

ጥያቄውን መጻፍ

መንገዱን እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለማሳያ ብቻ ናቸው፦ ርዝመቱ 64 ኪሎ ሜትር፣ የውል ዋጋው 1.9 ቢሊዮን ብር፣ የውል ጊዜው 36 ወር፣ ያለፈው 33 ወር። ፊዚካል አፈጻጸሙ 38 በመቶ፣ ፋይናንሺያል አፈጻጸሙ 57 በመቶ። ሦስት መቶኛዎችን ጎን ለጎን ያስቀምጡ፦ ጊዜ 92፣ ክፍያ 57፣ ሥራ 38። በክፍያውና በሥራው መካከል 19 በመቶ፣ ማለትም 361 ሚሊዮን ብር ልዩነት አለ።

ይህ ልዩነት በራሱ ሌብነት አይደለም። ከተቋራጩ ገና ያልተቀነሰ ቅድመ ክፍያ፣ የዋጋ ማስተካከያ ወይም ወደ ቦታው ለቀረበ ዕቃ የተከፈለ ሊሆን ይችላል። አደጋው ሌላ ቦታ ነው። ቅድመ ክፍያ የሚሰጠው በዋስትና ነው፤ ዋስትናው ደግሞ የሚያበቃበት ቀን አለው። ሳይታደስ ቀኑ ካለፈና ተቋራጩ ሥራውን ጥሎ ከወጣ መንግሥት ያልተመለሰውን ገንዘብ ለማስመለስ ዓመታት በፍርድ ቤት ይንከራተታል። በአዳራሹ ከሚቀርቡት የመንገድ ጥያቄዎች ይህን የሚጠይቅ እምብዛም የለም፤ ከሁሉም በላይ ግን ይህ መጠየቅ አለበት።

እንግዲህ ጥያቄው እንዲህ ይሆናል፦

«የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ ጥያቄዬ አንድ ሆኖ ሦስት ክፍል አለው። የዚህ መንገድ ፕሮጀክት እስከ መጋቢት 30 ድረስ ከውል ጊዜው 92 በመቶ አልፎት፣ ሥራው 38 በመቶ፣ ክፍያው 57 በመቶ መሆኑን የመሥሪያ ቤቱ የዘጠኝ ወር ሪፖርት ያሳያል። አንደኛ፣ ከ19 በመቶው ልዩነት ውስጥ ያልተመለሰ ቅድመ ክፍያ ስንት ነው፣ የዋጋ ማስተካከያስ ስንት ነው? ሁለተኛ፣ የቅድመ ክፍያው ዋስትና የሚያበቃው በስንት ቀን ነው? ሦስተኛ፣ ውሉ እንዲራዘም ወይም እንዲቋረጥ የሚወሰነው እስከ መቼ ነው? መልሱ ዛሬ ካልተሟላ በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ለቋሚ ኮሚቴው እንዲደርስ እጠይቃለሁ።»

ጮክ ብሎ ሲነበብ አንድ ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ምስጋና፣ የአካባቢው ታሪክና የሕዝቡ ብሶት የለበትም። ብሶቱ ቀላል ነገር ሆኖ አይደለም፤ ሚኒስትሩ ለብሶት የሚሰጠው መልስ ሐዘኔታ ስለሆነ ነው። «ለምን» የሚለውን ቃልም አልተጠቀመም። «ለምን» ማብራሪያ ይጋብዛል፤ «ስንት»፣ «በስንት ቀን» እና «እስከ መቼ» ግን የሚመለሱት በቁጥርና በቀን ነው።

በአዳራሹ

ችግሩ የአካሄዱ ነው። የብዙ አባላት ጥያቄ ተሰብስቦ ከተነሣ በኋላ ሚኒስትሩ በአንድ ንግግር ስለሚመልስ ያልተመለሰችው ጥያቄ ሳትታወቅ ታልፋለች። ለዚህም ነው «አንድ ሆኖ ሦስት ክፍል አለው» የተባለው፤ የተቆጠረ ነገር ሲጎድል ይታወቃል። የክፍሎቹን ዝርዝር በወረቀት ይዘው ይቀመጡና ሲመለስ ምልክት ያድርጉ።

ሌላው መላ ከባልደረቦች ጋር መከፋፈል ነው። ሦስት የአንድ አካባቢ ተመራጮች ሦስቱም «መንገዳችን» ካሉ አንድ መልስ ያገኛሉ። አንዱ ቅድመ ክፍያውን፣ ሁለተኛው ወሰን ማስከበሩን፣ ሦስተኛው የአማካሪ መሐንዲሱን ክትትል ቢይዙ ግን ሦስት መልስ ያስፈልጋል። ከእርስዎ በፊት የተናገረው አባል ጥያቄዎን ካነሣው ደግመው አያንሡት፤ «ባልደረባዬ ባነሡት ላይ የቀረችው ቀን ናት» ብለው ቀኗን ብቻ ይጠይቁ።

የተለመዱ መልሶችን አስቀድመው ይዘጋጁባቸው። «በጥናት ላይ ነው» ሲባል የሚያጠናው ማን እንደሆነና ጥናቱ የሚያልቅበት ቀን ይጠየቃል። «በሪፖርቱ ተካቷል» ከተባለ ገጹ ይጠየቃል። «የዋጋ ንረት ነው» የሚለው በከፊል እውነት ነው፤ በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ነገር ዋጋ ጨምሯል። ስለዚህ ከሐምሌ 2016 በፊት የነበረውን መዘግየት ከዚያ በኋላ ከመጣው ለይተው እንዲያቀርቡ ይጠይቁ፤ አምስት ዓመት የዘገየ ሥራ ሁሉንም በዚያ ሊያሳብብ አይችልም። «የፀጥታ ችግር ነው» ሲባል ከማጣጣል ይቆጠቡ፣ ሰው የሞተበት ሊሆን ይችላል። ሥራው የቆመባቸው ወራት የትኞቹ እንደሆኑና ለእነዚያ ወራት ለተቋራጩ የተከፈለ ካለ ስንት እንደሆነ ይጠይቁ።

ኮሚቴ ውስጥ

እውነተኛው ምርመራ ያለው በቋሚ ኮሚቴ ነው፤ ጊዜ አለ፣ መመላለስ ይቻላል፣ የመሥሪያ ቤቱ የፋይናንስ ኃላፊም ይቀርባል። የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ በክዋኔ ኦዲት (ሥራው በቁጠባና በውጤት መሠራቱን የሚመረምር ኦዲት) ግኝቶች ላይ ይፋዊ ስብሰባ ያደርጋል። እዚያ የመጀመሪያው ጥያቄ «ግኝቱን ትቀበሉታላችሁ ወይ?» መሆን አለበት። ይህ ካልተጠየቀ ኃላፊው ለአንድ ሰዓት ካብራራ በኋላ «ግኝቱ ራሱ ትክክል አይደለም» ይላል፤ ስብሰባውም ያበቃል። ከተቀበለው ቀጥሎ የድርጊት መርሃ ግብሩ ይጠየቃል፦ ምን፣ በማን፣ እስከ መቼ። «ሠራተኞች ሥልጠና ይሰጣቸዋል» የሚል መርሃ ግብር ከመጣ ይመልሱት፤ ያልተወራረደን ገንዘብ ሥልጠና አያስመልሰውም።

የመስክ ምልከታ ከታቀደ የሚጎበኘውን ቦታ መሥሪያ ቤቱ ብቻ እንዲመርጥ አይተዉ። ከሪፖርቱ «ተጠናቋል» ከተባሉት ውስጥ ሁለቱን ኮሚቴው ራሱ ይምረጥ። የውኃ ቦኖ ሲጎበኝ ቧንቧው ይከፈት፤ መመረቁን ሳይሆን ዛሬ መፍሰሱን ይዩ።

መቼ?

በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያበቃል። የምክር ቤቱ ዘመን ደግሞ ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው፤ በመካከሉም እስከ አንድ ወር ዕረፍት ሊወስድ ይችላል። ያ ወር ከመራጮች ማስረጃ የሚሰበሰብበት ነው። ጥያቄ ጉልበት የሚኖረው ከዘጠኝ ወሩ ሪፖርት እስከ አዲሱ በጀት መጽደቅ ባሉት ሳምንታት ነው፤ ሚኒስትሩ ለቀጣዩ ዓመት ገንዘብ እየጠየቀ ስለሆነ ያለፈውን ማስረዳት ይኖርበታል። በዚያው ሰሞን የሰኔን የጥድፊያ ግዥ መከላከል ይቻላል። በሚያዝያ 40 በመቶ ብቻ የተጠቀመ መሥሪያ ቤት ቀሪውን በሁለት ወር እንዴት እንደሚያወጣ ካልተጠየቀ፣ በሰኔ መጨረሻ መጋዘን የሚሞላ እንጂ ሥራ ላይ የማይውል ዕቃ ይገዛል።

ከመልሱ በኋላ

ጥያቄው በተነሣበት ሳምንት አምስት ዓምድ ያለው አንድ ገጽ ይክፈቱ፦ የተጠየቀበት ቀን፣ የተገባው ቃል በሚኒስትሩ አነጋገር፣ የተባለው ቀነ ገደብ፣ የመጣ ማስረጃ፣ የቀረ። የሚኒስትሩን አነጋገር ከቃለ ጉባኤው ይገልብጡ። ከትዝታ የተጻፈ «ብለው ነበር» በሚቀጥለው ጊዜ «እንደዚያ አላልኩም» ይባላል። ቀነ ገደቡ ሲያልፍ በኮሚቴው በኩል ደብዳቤ ይጻፍ፤ መልስ ካልመጣ በሚቀጥለው ሪፖርት ጥያቄዎ «ሚያዝያ ላይ በአሥር የሥራ ቀን ይደርሳል የተባለው እስከ ዛሬ አልደረሰም» ብሎ ይጀምር።

መልሱን ለመራጩ ማድረስም የሥራው አካል ነው። መልሱ መጥፎ ቢሆንም ይነገር፤ «ውሉ ተቋርጦ አዲስ ጨረታ ይወጣል» መባሉን የሰማ ገበሬ ቢያንስ እህሉን በየትኛው መንገድ እንደሚያወጣ ያቅዳል።

ለወረዳ ምክር ቤት አባልና ለመራጭ

በወረዳ ደረጃ አካሄዱ ያው ነው፣ ቁጥሮቹ ግን ያንሳሉ። አብዛኛው የወረዳ በጀት ደመወዝ በመሆኑ ክርክሩ የሚነሣው በቀረችው የሥራ ማስኬጃ ላይ ነው፤ ለዚህም የጽሕፈት ቤት ኃላፊን ስለ 6217 (ነዳጅ) እና 6231 (የውሎ አበል) መጠየቅ ከብዙ ንግግር ይበልጣል። የወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት በጀቱንና ወጪውን በሰሌዳ የመለጠፍ አሠራር አለው። ከሌለ የመጀመሪያው ጥያቄ «ሰሌዳው ላይ ለምን አልተለጠፈም?» ይሁን፤ «ለምን» የሚፈቀድባት ቦታ ይህች ናት።

ለተወካይዎ የሚጽፉ መራጭ ከሆኑ አንድ ገጽ ይበቃል። የአገልግሎቱ ስምና ቦታ፣ የተቋረጠበት ቀን፣ ለወረዳው ያመለከታችሁበት የደብዳቤ ቁጥርና የተሰጣችሁ መልስ፣ በመጨረሻም እንዲጠየቅላችሁ የምትፈልጉት አንድ ጥያቄ። አሥር ጥያቄ የያዘ ማመልከቻ ከሆነ ተወካዩ ቀላሉን መርጦ ያነሣል። የሃምሳ ሰው ፊርማ ከተያያዘ ጥሩ ነው፤ የውኃ ኮሚቴው የነዳጅ ደረሰኝ ቅጂ ከተያያዘ ግን ይበልጣል፤ ፓምፑ የቆመው ነዳጅ አጥቶ ነው ወይስ ተበላሽቶ የሚለውን ሚኒስትሩ ከመናገሩ በፊት ደረሰኙ ይናገራል።